ሲለጠጥ የሚሸሸው ነጥብ

መጋቢት 11፣ ሐሙስ

ይህን ደብተር የገዛሁት ለደም ግፊቴ ነው። ሐኪሙ «ጠዋት ጠዋት እየለኩ ይመዝግቡ፤ ቀኑ እንዴት እንደዋለም አንድ ሁለት መስመር ይጨምሩበት» አለኝ። ዛሬ 152 በ96። ቀኑ እንዴት ዋለ? ደክሞኛል። ይህ ነው የሚባል ሥራ ሳልሠራ ደክሞኛል።

አራት ሰዓት ላይ ሲፋን ቢሮዬ መጣች። የማስተርስ ተማሪዬ ናት፤ ሁለተኛ ዓመቷን ልትጨርስ ነው። ላፕቶፗን ደረቷ ላይ አቅፋ ገባችና ቆመች። ተቀመጪ ካልኳት በኋላም ትንሽ ቆየች።

«ዶክተር፣ አንድ ነገር ላሳይዎት? ምናልባት እኔ ተሳስቼ ይሆናል።»

ስለ ኤሌክትሮኖች ፍጥነት ስታሰላ አንድ ነገር አልገጥም ብሏት የእኔን የ2003ቱን ፔፐር ከመጀመሪያው ደግማ ሠርታዋለች። እንድትደግመው አላዘዝኳትም ነበር።

«እርስዎ ያዩበት ቦታ ላይ ሳየው የኃይል ክፍተቱ አለ፤ ቁጥሩም ልክ እንደርስዎ ነው» አለች። «ግን ትንሽ ወደ ጎን ፈቀቅ ብዬ ስፈልግ የለም። ዜሮ ነው።»

«ተዪልኝ፣ አየዋለሁ» አልኳት።

በሩን ቀስ ብላ ዘግታ ወጣች። ወጣት ናት፤ ትቸኩላለች። ቁጥር ስታስገባ የሆነ ቦታ ተሳስታ ይሆናል።

መጋቢት 13፣ ቅዳሜ

148 በ94። ባለቤቴ ዳርቱ ለቅሶ ሄዳለች፤ ቤቱ ጸጥ ብሏል። ሐኪሙ ይህን ደብተር ሊያየው ይችላል፤ ስለዚህ ለእሱም እንዲገባው አድርጌ ልጻፍ።

ግራፊን ማለት እርሳስ ውስጥ ካለው ጥቁር ነገር አንዲት ንጣፍ ብቻ ስትላጥ ነው። ውፍረቷ አንድ አቶም። የካርቦን አቶሞቹ እንደ ማር እንጀራ ስድስት ስድስት ጎን እየሠሩ ተያይዘዋል። ኤሌክትሮን በላይዋ ላይ ከልካይ የለውም፤ እንዳሻው ይሮጣል። ችግሩም ይኸው ነው። ማብሪያ ማጥፊያ ለመሥራት ኤሌክትሮኑን አንዳንዴ ማቆም ያስፈልጋል፤ ለማቆም ደግሞ ዘሎ ካልሆነ የማይሻገረው የኃይል ክፍተት መኖር አለበት። ግራፊን ያ ክፍተት የላትም። ኤሌክትሮኖች የሞሉበት የኃይል ደረጃና ባዶው ደረጃ አንዲት ነጥብ ላይ ይነካካሉ።

በ2003 ዓ.ም. እኔ፣ አዱኛ፣ ንጣፏን በአንድ አቅጣጫ ሁለት በመቶ ብቻ ብንለጥጣት ነጥቧ ላይ ክፍተት ይከፈታል ብዬ በስሌት አሳየሁ። ሁለት በመቶ ማለት ምንም ማለት ነው። ለዚያ ነው ሰው የወደደው። እስከ ዛሬ 142 ጥናቶች ጠቅሰውታል። ዳርቱ የመጀመሪያውን ገጽ በፍሬም አድርጋ ሳሎን ሰቅላዋለች፤ እንግዳ ሲመጣ «ይሄ የአዱኛ ነው» ትላለች። ከዚያ ወዲህ ሌላም ጽፌያለሁ። የተሰቀለ ግን የለም።

የሲፋንን ፋይል ገና አልከፈትኩትም። ሰኞ።

መጋቢት 18፣ ሐሙስ

ሰኞ አልሆነም፤ ስብሰባ። ማክሰኞም። ዛሬ ከፈትኩት።

ንጹሕ ሥራ ነው። በጣም ንጹሕ መሆኑ ራሱ አጠራጠረኝ። አስጠርቼ «ስሌቱ የሚፈትሻቸውን ነጥቦች ብዛት እጥፍ አድርገሽ ድገሚው» አልኳት።

«ሦስት እጥፍ አድርጌዋለሁ፣ ዶክተር።»

«እንግዲያው ስድስት።»

ማስታወሻዋ ላይ ጻፈችው። ይህ ለእሷ ጥቅም ነው። ፈታኝ ፊት ከመቆሟ በፊት እኔ ልፈትናት ይገባል።

መጋቢት 26፣ ዓርብ

መብራት ሦስት ቀን ሲሄድ ሲመጣ ነበር። የክፍላችን ትልቁ ኮምፒውተር የመጠባበቂያ ባትሪው ከሞተ ዓመት አልፎታል፤ መብራት በሄደ ቁጥር ስሌቱ ከዜሮ ይጀምራል። ሲፋን ሌሊት ይረጋጋል ብላ ሁለት ቀን ላቦራቶሪ ውስጥ እንዳደረች ጥበቃው ነገረኝ።

ውጤቱ ያው ነው። ዜሮ።

«በሌላ ዘዴም ሞክሪው፤ በአንድ ዘዴ ብቻ አይታመንም» አልኳት። የ2003ቱን እኔ በአንድ ዘዴ ብቻ ነበር የሠራሁት። እሷ ይህን አላነሳችም።

እራት ላይ ለዳርቱ፣ ተማሪዬ አስቸገረችኝ አልኳት።

«ምን አደረገችህ?»

«ትቸኩላለች።»

ዳርቱ ሃያ ሁለት ዓመት አንደኛ ደረጃ ያስተማረች ሴት ናት። ወጡን እየጨለፈች፣ «የሚቸኩል ተማሪ አግኝተህ ታማርራለህ?» አለችኝ።

ሚያዝያ 4፣ ቅዳሜ

ሐኪሙ ተራመድ ስላለኝ ከፈረንሳይ ሰፈር ሽቅብ እንጦጦን ጀምሬያለሁ። ባሕር ዛፉ መሃል ያለው አቀበት ላይ ሦስት ጊዜ ቆምኩ። ሦስተኛው ላይ የጥበቃ ልብስ የለበሱ አንድ ሽማግሌ ከዘራቸውን ተደግፈው ሲያዩኝ ቆዩና፣ «ዶክተር አዱኛ አይደሉም?» አሉኝ።

የሲፋን አባት ናቸው፤ ኦቦ ነገሳ። አምና ዩኒቨርሲቲው በር ላይ ልጃቸው አስተዋውቃን ነበር። ድሮ ገበሬ ነበሩ፤ እርሻቸው ሰፈር ከሆነ ወዲህ እዚያ ላይ ያለ አንድ ግቢ ይጠብቃሉ። በኦሮምኛ ነው ያወራነው።

«ልጄን እንደ ልጅዎ ይዘዋታል፤ ዋቃ ይስጥልኝ» አሉ። «እየደጋገሙ እንደሚያርሟት ነግራኛለች። ሰው እንዲህ የሚለፋው ለራሱ ልጅ ብቻ ነው።»

ፊቴን ወደ ባሕር ዛፉ አዞርኩ። ትንፋሽ ያጠረኝ መስሏቸው ድንጋይ ላይ እንድቀመጥ ቦታ ጠረጉልኝ።

«ለመምህርነት ያመለከተችበት ዩኒቨርሲቲ ተቀብሏታል። ፈተናውን አንደኛ ሆና ነው ያለፈችው። የምረቃ ወረቀቷን እስከ ሰኔ 13 ካቀረበች ቦታው የእሷ ነው፤ ካለፈ ለተጠባባቂው ይሰጣል አሉ። ይደርሳል አይደል፣ ዶክተር?»

«ይደርሳል» አልኩ።

ቁልቁል የወረድኩት በችኮላ ነው። ሲፋን ስለዚህ ሥራ አልነገረችኝም። ወይም ነግራኛለች። ጥር ላይ ቆማ የሆነ ነገር ስትለኝ ስልክ እያየሁ እንደነበር ትዝ ይለኛል።

ሚያዝያ 9፣ ሐሙስ

150 በ95። በሌላውም ዘዴ ዜሮ። በዓሉ ይለፍ አልኳት።

ሚያዝያ 20፣ ሰኞ

ይህን የምጽፈው መኪና ውስጥ ሆኜ ነው። ሲ.ኤም.ሲ. መንገድ ላይ ያለው ማደያ ሰልፉ ዞሮ ቅያሱ ውስጥ ገብቷል። ከፊቴ ሠላሳ አንድ መኪና ቆጠርኩ፤ ቤንዚኑ ለእኔ ይድረስ አይድረስ አይታወቅም።

ገበየሁ ደወለ። የትምህርት ክፍላችን ኃላፊ ነው፤ አብረን ነው የተቀጠርነው።

«የተባባሪ ፕሮፌሰርነት ፋይልህ ኮሚቴ ገብቷል» አለኝ። «የ2003ቱን ፔፐር ከላይ አድርጌዋለሁ። እሱ ነው የሚያሳልፍህ።»

«አመሰግናለሁ።»

«ሲፋንስ? የሁሉም ተማሪዎች ረቂቅ እኔ ጋ ደርሷል። የቀረችው እሷ ናት።»

«ትንሽ ይቀራታል።»

«ምን ይቀራታል?»

«ቋንቋው» አልኩ።

ሲፋን ከእኔ የተሻለ እንግሊዝኛ ትጽፋለች። ከኋላዬ ያለው ሚኒባስ ክላክስ አደረገ፤ ሰልፉ ሁለት መኪና ያህል ሄዶ ኖሯል።

ሚያዝያ 27፣ ሰኞ

ከሥራ በመኪና ስመለስ መገናኛ ጋ ዝናብ ያዘኝ። የፈረንሳይ ታክሲ ሰልፍ ላይ ሲፋንን አየኋት። ፌስታል ራሷ ላይ አድርጋ፣ ላፕቶፑን ሹራቧ ውስጥ ከትታ። መንገዱ ተዘጋግቶ ስለነበር አጠገቧ ለረጅም ጊዜ ቆሜያለሁ። መስኮቱን ዝቅ ማድረግ ብቻ ነበር።

መንገዱ ሲለቀቅ ሄድኩ። አላየችኝም። አላየችኝም ይመስለኛል።

ግንቦት 5፣ ማክሰኞ

ደረጃው መሃል ቆሜ ትንፋሼን ስሰበስብ ከታች ሁለት ተማሪዎች ሲያወሩ ሰማሁ።

«ሲፋን እኮ ከጨረሰች ቆየች። አድቫይዘሯ ነው የያዛት።»

«ለምን?»

«እኔ ምን አውቃለሁ። ሰውዬው ደክሟል ይላሉ።»

ደክሟል ማለታቸው ልክ ነው። ያዛት ማለታቸው ልክ አይደለም። ማረም መያዝ አይደለም።

ምሳ አልበላሁም። የሲፋንን ረቂቅ አውጥቼ መግቢያውን አረምኩ። ነጠላ ሰረዝ ጨመርኩ። ባለፈው ሳምንት የጨመርኩትን ነጠላ ሰረዝ ቀነስኩ።

ግንቦት 16፣ ቅዳሜ

የመኪናዬ ፍሬን ስለሚጮህ ወሰን ሰፈር ወዳለው የገረሱ ጋራዥ ወሰድኩት። ገረሱ የልጅነት ጎረቤቴ ነው። ጎማውን ፈትቶ፣ ቀና ብሎ አየኝና፣ «መኪናውስ እሺ። አንተ ምን ሆነሃል?» አለ።

ለማንም ያልነገርኩትን ለእሱ ነገርኩት። ምናልባት ፊዚክስ ስለማያውቅ ይሆናል።

«አንድ የታወቀልኝ ሥራ አለ። ንጣፉ ሲለጠጥ አንዲት ነጥብ ላይ ክፍተት ይፈጠራል ብዬ ጻፍኩ። ተማሪዬ ደግሞ ነጥቧ ራሷ ቦታ ትለቃለች አለችኝ። ስትለጠጥ ፈቀቅ ትላለች። እኔ ያየሁት የለቀቀችውን ቦታ ነው።»

ገረሱ እጁን በጨርቅ እየጠረገ አሰበ። «ሰውዬው ቤት ቀይሯል። አንተ የድሮ ቤቱን አንኳኩተህ ዝም ሲልህ፣ ሞቷል ብለህ ድንኳን አስተከልክ።»

«እንደዚያ ነው።»

«ታዲያ ልጅቷ በሕይወት አለ ስትልህ ምን ይከፋል?»

«አሥራ አራት ዓመት ሰው ለቅሶ ተቀምጧል፣ ገረሱ።»

ሳቀ። ከዚያ ፊቴን ሲያይ ተወው። «እና ልጅቷ እንዳትናገር ከለከልካት?»

«አልከለከልኳትም። እያረምኩ ነው።»

ጎንበስ ብሎ ሥራውን ቀጠለ። ትንሽ ቆይቶ፣ ቀና ሳይል፣ «እኔ ጋ ፍሬኑ እንደማይሠራ እያወቀ ሁለት ሳምንት ነድቶ የሚመጣ ሰው አለ» አለ። «ለምን ስለው ጊዜ አጣሁ ነው የሚለኝ።»

የፍሬኑ ሸራ ሙሉ በሙሉ አልቆ ነበር። ብረት ለብረት እየተፋጨ ነው ስነዳ የከረምኩት።

ግንቦት 19፣ ማክሰኞ

ዛሬ ራሴ ሠራሁት። ሁሉም ለምሳ ሲወጣ ላቦራቶሪ ገብቼ በሩን ዘጋሁ።

ሁለት በመቶ ለጠጥኳት። በድሮው ቦታ፣ የኤሌክትሮኖቹ የኃይል ካርታ ማዕዘን ላይ፣ ክፍተት አለ። ያው የእኔ ቁጥር። ከማዕዘኑ ፈቀቅ ማለት ጀመርኩ። ክፍተቱ ጠበበ። ጠበበ። ከዚያ ሁለቱ የኃይል ደረጃዎች ተነካኩ። ዜሮ። ነጥቧ እዚያ ተቀምጣለች፤ ምንም አልሆነችም። ሲፋን እንዳለችው ንጣፏ ከሃያ በመቶ በላይ እስክትለጠጥ፣ ልትበጠስ እስክትቃረብ ድረስ፣ ክፍተት የሚባል ነገር የለም።

ሃያ ሦስት ደቂቃ ነው የፈጀው። በ2003ም ቢሆን ያን ያህል ከባድ አልነበረም፤ አንድ ሳምንት ብጨምርበት ይበቃ ነበር።

እውነቱን ልጻፍ። ሐኪሙ ይህን ደብተር አያየውም፤ ባለፈው ሲጠይቀኝ ቤት ረሳሁት ብዬዋለሁ።

በ2006 የማላውቀው አንድ ሰው ከውጭ ኢሜይል ጽፎልኝ ነበር። አጻጻፉ ትሑት ነው። ከማዕዘኑ ውጭ ያሉትን ነጥቦች ፈትሸዋቸው ይሆን? ይህን ብቻ ነው የጠየቀኝ። ሦስት መስመር። አልመለስኩለትም። ያኔ አባቴ በጠና ታሞ ስለነበር ነው ብዬ ለራሴ ስነግረው ኖሬያለሁ።

አባቴ የሞተው በ2005 ነው።

ግንቦት 25፣ ሰኞ

ሲፋን መጣች። ዛሬ አልቆመችም፤ ሳልጋብዛት ተቀመጠች።

«ዶክተር፣ ሰኔ 13 ቀነ ገደብ አለብኝ። አሁን ቢፈርሙልኝ ይደርሳል።»

ብዕሩ እጄ ላይ ነበር። ራሴ ሠርቼ ካየሁት ስድስት ቀን ሆኖታል።

«መግቢያውን ትንሽ አለዝቢው» አልኳት።

«የቱን?»

«የቀድሞውን ሥራ የምትተቺበትን።»

«ስም አልጠራሁም እኮ፣ ዶክተር። ቀደም ያለ ጥናት ነው ያልኩት።»

«ገብቶኛል። ቢሆንም።»

ዓይኔን አየችኝ። ያኔ ያወቀች መሰለኝ። ወይም እሷ ድሮ ያወቀችውን እኔ ያኔ አወቅሁት። «እሺ» ብላ ወረቀቷን ሰብስባ ወጣች።

ለምን እንዲህ አልኩ? መፈረም ፈልጌ ነበር። እጄ ወደ ወረቀቱ እየሄደ ነበር።

ሰኔ 3፣ ማክሰኞ

አለዝባ አመጣችው። እኔ ስለ ራሴ ብጽፍ እንኳ ይህን ያህል አልራራም ነበር። ፈረምኩ። ራሴ ይዤው ገበየሁ ቢሮ ሮጥኩ።

ገበየሁ የቀን መቁጠሪያውን አየ። «የውጭ ፈታኟ ዶክተር ጊፍቲ ናት። ከሰኔ 18 በፊት አትችልም።»

«ከ13 በፊት መሆን አለበት።»

«መጋቢት ላይ አምጥተኸው ቢሆን ሚያዝያን ነበር የምይዝልህ።»

«ሌላ ፈታኝ ፈልግ።»

«በአሥር ቀን ማን ያነብልሃል፣ አዱኛ? ሁሉም ፈተና ላይ ነው።»

ሲፋን ወደምትቀጠርበት ዩኒቨርሲቲ ደብዳቤ ጻፍኩ፤ አምስት ቀን ብቻ ቢታገሡ ብዬ። ደወልኩም። የሰው ኃይል ኃላፊዋ በጨዋ ደንብ አዳመጠችኝና፣ «ደንቡ ለሁሉም አንድ ነው፤ ተጠባባቂዋም እየጠበቀች ነው» አለችኝ። ሌላ ሦስት ሰው ደወልኩ። ላብ አጠመቀኝ። በሦስት ወር ያልሮጥኩትን ዛሬ በአንድ ቀን ሮጥኩ።

158 በ100።

ሰኔ 14፣ ቅዳሜ

ትናንት አለፈ። ሲፋን አልመጣችም፤ አልደወለችም።

እንጦጦ አልሄድኩም። ዳርቱ «ምነው ዛሬ?» ስትለኝ «ይዘንባል» አልኳት። መስኮቱን አየች። ሰማዩ ጥርት ብሎ ነበር። አጠገቤ ተቀመጠች።

ሁሉንም ነገርኳት። ፔፐሩን፣ ኢሜይሉን፣ ልጅቷን፣ አባትየውን። ሳታቋርጠኝ ሰማች።

«ሦስት ወር ሙሉ ስለ ግፊትህ ስጨነቅ ነው የከረምኩት» አለች። «ጨው ሳወጣልህ።»

ተነሥታ ልብስ ልታጥብ ሄደች። ከሰዓት በኋላ ተመልሳ በር ላይ ቆመችና፣ «ረቡዕ እዚያ ሰው ፊት ምን ልትል ነው?» አለችኝ። አላውቅም አልኳት።

ሰኔ 18፣ ረቡዕ

ሲፋን ጽሑፏን ፈታኝ ፊት የምታቀርብበት ዲፌንስ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ተጀመረ። ኦቦ ነገሳ ሙሉ ልብስ ለብሰው የመጨረሻው ረድፍ ላይ ተቀምጠዋል። ገና ስገባ ከመቀመጫቸው ተነሥተው እጅ ነሡኝ።

ሲፋን አርባ ደቂቃ ተናገረች። ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም። ጥያቄ ሲጀመር ዶክተር ጊፍቲ መነጽሯን አወለቀች። ስለ እሷ ኮስታራ ናት ሲሉ እሰማ ነበር፤ ግን በለሆሳስ ነው የምትናገረው።

«የአማካሪሽ የ2003 ሥራ ሁለት በመቶ ላይ ክፍተት ይከፈታል ይላል» አለች። «አንቺ ከሃያ በመቶ በታች የለም ትያለሽ። ሁለቱም ልክ ሊሆኑ አይችሉም። የቱን እንያዝ?»

ሲፋን ወደ እኔ አላየችም። «ያ ሥራ በጊዜው በነበረው የኮምፒውተር አቅም የተሠራ ነው» አለች።

ይህን ለእኔ ብላ ነው። ሥራዋን ካሳጣኋት ከአምስት ቀን በኋላ፣ ሰው ፊት ልትሸፍነኝ። ዝም ብል ያልፍ ነበር። ገበየሁ በእፎይታ ራሱን ነቀነቀ፤ ዶክተር ጊፍቲም ወደሚቀጥለው ገጽ ልትሄድ ነበር።

ተነሣሁ።

«አቅሙ ነበር» አልኩ። «ያልፈተሽኩት እኔ ነኝ። የሲፋን ውጤት ልክ ነው፤ የእኔ ስህተት ነው። መጋቢት 11 ቀን አሳይታኛለች። ከዚያ ወዲህ ሥራው የዘገየው በእሷ ምክንያት አይደለም። እኔ ነኝ ያዘገየሁት።»

ገበየሁ ጠረጴዛውን ያያል። ዶክተር ጊፍቲ፣ «ይህ በቃለ ጉባኤ ይያዝ?» ስትለኝ «ይያዝ» አልኩና ተቀመጥኩ። እፎይ የምል መስሎኝ ነበር። አላልኩም።

በከፍተኛ ማዕረግ አለፈች። ጓደኞቿ አበባ ይዘው ከበቧት። ሁሉ ነገር የተካሄደው በእንግሊዝኛ ስለሆነ ኦቦ ነገሳ አልገባቸውም ነበር፤ ሰው ሲያጨበጭብ አጨብጭበዋል። መጥተው እጄን በሁለት እጃቸው ያዙ።

«እንኳን ደስ ያለን፣ ዶክተር። መሃል ላይ ተነሥተው ምን ነበር ያሉት? ስለ ልጄ ነው?»

በቋንቋችን ነገርኳቸው። ልጅዎ ልክ እንደሆነች ሳውቅ ወረቀቷን ይዤ ቆየሁ፣ ሥራውን ያሳጣኋት እኔ ነኝ አልኩ። በኦሮምኛ ሲባል ከእንግሊዝኛው ይልቅ ይከብድ ነበር።

እጃቸው ቀስ ብሎ ለቀቀኝ።

«ይደርሳል ብለውኝ ነበር እኮ» አሉ።

ኮፍያቸውን አድርገው ወደ ልጃቸው ሄዱ።

ሰኔ 24፣ ማክሰኞ

ፔፐሩን ላሳተመው መጽሔት ደብዳቤ ላክሁ፤ ስህተት ስለሆነ ይነሣልኝ ብዬ። ስህተቱን ያገኘችው ሲፋን ነገሳ መሆኗንም ጽፌያለሁ። አጭር ደብዳቤ ነው። ዘጠኝ ጊዜ አነበብኩት።

ገበየሁ ፋይሌን ከኮሚቴው አውጥቷል። «ለእኔ ብቻ ቀደም ብለህ ብትነግረኝ ምን ነበረበት?» አለኝ። ተቆጥቶ ሳይሆን አዝኖ ነው።

ከሰዓት በኋላ ሲፋን የእርማት ቅጽ ልታስፈርም መጣች። ፈርሜ ስሰጣት አልሄደችም።

«ለምን መጋቢት ላይ አልነገሩኝም?»

«ፈራሁ።»

ቅጹን አጠፈችው። «እኔም ፈርቼ ነበር» አለች። «በር ላይ ሃያ ደቂቃ ቆሜያለሁ። ግን አመጣሁልዎት።»

ሐምሌ 4፣ ዓርብ

ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ አላባራም። ተማሪ የለም፤ ኮሪደሩ ባዶ ነው።

ሌላ ሁለት ዩኒቨርሲቲ የመምህር ማስታወቂያ እንዳወጡ ሰምቼ ለሲፋን የድጋፍ ደብዳቤ ጽፌላት ነበር። ሁለት ገጽ ሙሉ። ትናንት ላክሁላት። ማታውን መለሰችልኝ፤ «አመሰግናለሁ ዶክተር። ዶክተር ሞቲ ጽፈውልኛል።» ሞቲ አንድ ኮርስ ብቻ ነው ያስተማራት።

የተጠረዘው የሲፋን የመመረቂያ ጽሑፍ ዛሬ ጠዋት ከክፍላችን ጸሐፊ ደረሰኝ። ሌላ ሥራ ስላልነበረኝ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሬ ተቀመጥኩበት። ስለ ክፍተቱ ያለውን አውቀዋለሁ። አምስተኛው ምዕራፍ ላይ ስደርስ ግን ቀና ብዬ መቀመጥ ጀመርኩ።

አምስተኛው ምዕራፍ ስለ እኔ አይደለም። ክፍተት መኖር አለመኖሩ አያስጨንቀውም። ንጣፏ ስትለጠጥ ኤሌክትሮኖቹ በተሳበችበት አቅጣጫ ቀርፈፍ ይላሉ፤ በአግድሙ ጥቂት ይፈጥናሉ። ሲፋን ይህን ይዛ፣ ኤሌክትሪክ በሁለት አቅጣጫ ምን ያህል እንደሚያልፍ ብቻ ለክተን ንጣፏ በየት በኩል፣ ምን ያህል እንደተሳበች ማንበብ እንችላለን ትላለች። ግድግዳ ላይ ቢለጠፍ፣ ድልድይ ላይ ቢለጠፍ፣ የታመመ ሰው ደረት ላይ ቢለጠፍ። እኩልታው ሦስት መስመር ነው። ቀላል ነው፤ ያምራል። የእኔ ክፍተት ይኑር አይኑር ስል፣ ይህ ጠረጴዛዬ ላይ ነበር።

ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ምሳ ሰዓት አለፈ። ደወልኩላት።

«ዶክተር፣ ደህና ነዎት?»

«አምስተኛውን ምዕራፍ አነበብኩት። ለብቻው ፔፐር ይወጣዋል፣ ሲፋን። በስምሽ ብቻ አውጪው፤ የእኔን እንዳታስገቢ። እኔ በሕይወቴ እንዲህ ያለ ነገር አልሠራሁም።»

ዝናቡ እሷ ባለችበት ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ይሰማኛል።

«አሁን ነው ያነበቡት?»

«አሁን ነው።»

«እሱን እኮ የካቲት ላይ ነው የሰጠሁዎት» አለች።